ዓባይ ማዶን በእግር፦ የዘመናዊ ሕንፃዎች ጉብኝት አዘገጃጀት

«ባሕር ዳር ላይ ሰው ሰብስቤ ሕንፃ ላስጎብኝ ብል ከየት ልጀምር?» ይህን ጥያቄ አስጎብኚዎች፣ የአርክቴክቸር ተማሪዎችና የትምህርት ቤት መምህራን በየጊዜው ያነሡልናል። የጣና ገዳማትን ለማስጎብኘት መንገዱ የተጠረገ ነው፤ ጀልባው አለ፣ ታሪኩ ተጽፏል፣ የሚያስረዳም አይጠፋም። ዓባይ ማዶ የቆመ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ግን ጽሑፍም ሰሌዳም የለውም። አስጎብኚው የሚተማመንበት ማስረጃ ሕንፃው ራሱ ነው፤ ቆሞ ማየት፣ መለካት፣ መቁጠር። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለዚያ ማዘጋጃ ነው።

ለምሳሌ የያዝነው ከዓባይ ማዶ የውስጥ መንገዶች ተነሥቶ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ የሚያልቅ ጉብኝት ነው። ሌሎቹን የባሕር ዳር ሰፈሮች፣ ሽምብጥን ወይም ፔዳ አካባቢን፣ ለመረጠም አሠራሩ አይለወጥም፤ የሚለወጠው የፀሐዩ አቅጣጫና ፈቃድ የሚጠየቅበት በር ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች (ለ12 እንግዶች፣ ለአንድ አስጎብኚና ከኋላ ለሚሄድ አንድ ደጀን)

• 5 ሜትር የብረት ሜትር፣ አንድ
• ኮምፓስ ያለው ስልክ፣ ከነፓወር ባንኩ
• ቱምቢ፣ ወይም ጫፉ ላይ ትንሽ ድንጋይ የታሰረበት 1 ሜትር ክር
• የመንገዱ ካርታ በኤ3 ወረቀት ሁለት (1 ሴ.ሜ 50 ሜትር እንዲሆን)፣ ለእንግዶች ደግሞ በኤ4 12
• ወፈር ካለ ወረቀት የተቆረጡ የሕንፃ መመዝገቢያ ካርዶች 25፣ እርሳስ (እስክሪብቶ በዝናብ ይፈሳል)
• አንገት ላይ የሚንጠለጠል አነስተኛ ድምፅ ማጉያ
• አንጸባራቂ ሰደርያ ሁለት፣ አንዱ ለአስጎብኚው አንዱ ለደጀኑ
• ውሃ ለአንድ ሰው 1 ሊትር፣ በጠቅላላው 14 ሊትር
• የመጀመሪያ ዕርዳታ ቦርሳ፦ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ የቁስል ማጠቢያ፣ ጓንት
• የድጋፍ ደብዳቤ፣ ዋናውና ሁለት ኮፒ

ኮፍያና ጫማ የእንግዳው ኃላፊነት ነው፤ ሆኖም አንድ ቀን አስቀድማችሁ በመልእክት አሳስቡ። ከተማው 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ አየሩ ቀዝቀዝ ቢልም ፀሐዩ ቆዳ ያቃጥላል። ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ሶሉ ያለቀ ጫማና ነጠላ ጫማ ያንሸራትታሉ፣ በተለይ ሌሊቱን ዘንቦ ካደረ።

1. ክልሉን አጥብቡ፣ አቅጣጫውንም ወስኑ

ካርታው ላይ ከ1.8 ኪሎ ሜትር ያልበለጠ መስመር ሥሩ። ብቻውን የሚሄድ ሰው በደቂቃ 80 ሜትር ይሄዳል፤ እያየና እያወራ የሚሄድ 12 ሰው ግን ከ50 ሜትር አያልፍም። ሰውን ከመሄዱ ይልቅ የሚያደክመው መቆሙ ነው። 3 ኪሎ ሜትር ላይ ስምንት ቦታ ካቆማችኋቸው ከአምስተኛው መቆሚያ በኋላ አጥር ላይ የሚደገፍ፣ ስልኩን የሚያይ ይበዛል።

አቅጣጫውን ፀሐዩ ይወስነዋል። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ወደ ደቡብ ስለሚፈስ ድልድዩ የተዘረጋው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው። ጠዋት ከከተማው ወደ ዓባይ ማዶ ብትሻገሩ መንገዱን ሁሉ ፀሐይ ዓይናችሁ ውስጥ ትገባለች። ስለዚህ ጠዋት ከዓባይ ማዶ ጀምራችሁ ድልድዩ ላይ ጨርሱ፤ ከሰዓት ከሆነ ገልብጡት። ለጠዋቱ 1:30 ተነሥቶ ከ4:00 በፊት መጨረስ፣ ለከሰዓቱ 9:30 ተነሥቶ ከ11:30 በፊት መጨረስ ጥሩ ነው። ቀትር ላይ ጥላው ሁሉ ከሥር ይገባና የግድግዳው ቅርጽ ይጠፋል። አንድ ትልቅ የሚመስል ሕንፃ 6:30 ላይ እንደ ወረቀት ጠፍጣፋ ሆኖ የሚታየው በዚህ ነው።

ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ባታስቡት ይሻላል። ግድ ከሆነ የጠዋቱን ክፍል ውሰዱ፤ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት ነው የሚመጣው።

2. ብቻችሁን ሁለት ጊዜ ሂዱበት

የመጀመሪያውን ዙር በፈለጋችሁት ሰዓት ሂዱና ትኩረት የሚስቡ 20 ሕንፃዎችን መዝግቡ። ሁለተኛውን ግን ጉብኝቱ በሚካሄድበት ቀንና ሰዓት፣ ማለትም ጉብኝቱ ቅዳሜ 1:30 ከሆነ ቅዳሜ 1:30 ላይ ሂዱ። ሐሙስ ጭር ያለው መንገድ ቅዳሜ በገበያተኛ ሊሞላ ይችላል፤ እሑድ ጠዋት የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ የናንተን ይውጠዋል፤ ዓርብ ቀትር መስጊድ አካባቢ መቆሚያ አይገኝም።

ለእያንዳንዱ ሕንፃ አንድ ካርድ ሙሉ። የተሞላ ካርድ ይህን ይመስላል፦

ቁጥር፦ 07። ቦታ፦ ከዋናው አስፋልት በስተግራ፣ ኮብልስቶኑ ላይ 60 ሜትር ገባ ብሎ። ፎቅ፦ ጂ+2፣ ምድሩ ሱቅ፣ ላዩ መኖሪያ። አጽም፦ የኮንክሪት ምሰሶና ወጋግራ (ምሰሶዎቹን የሚያያይዘው አግዳሚ)፣ ከፊት አራት ምሰሶ። ግድግዳ፦ ብሎኬት፤ ፊቱ የተለሰነ፣ የግራ ጎኑ ያልተለሰነ። ፊቱ የዞረው፦ ወደ ምዕራብ (265 ዲግሪ)። ጥላ፦ 2ኛው ፎቅ ላይ በረንዳ፣ ከግድግዳው 1.1 ሜትር የወጣ (በግምት)። አናት፦ ፌሮ የወጣ፣ ጣሪያው ጊዜያዊ ቆርቆሮ። ቆመን የምናይበት፦ ከመንገዱ ማዶ፣ የግራር ጥላ ሥር፣ 12 ሰው ይይዛል። አንድ ነገር፦ በረንዳው የከሰዓት ፀሐይን የቱ ድረስ እንደሚከላከል።

የመጨረሻው መስመር «አንድ ነገር» ይላል፤ ሁለት አይልም። በካርዱ ላይ አንድ ነገር መጻፍ ካቃታችሁ ሕንፃው ለጉብኝት ገና አልደረሰም፣ ወይም እናንተ ገና አላያችሁትም።

ማስጠንቀቂያ፦ ኮምፓሱን ከብረት በርና ከቆርቆሮ አጥር ቢያንስ 3 ሜትር ራቅ ብላችሁ አንብቡ። በር ላይ ተጠግቶ የተነበበ አቅጣጫ በብዙ ዲግሪ ይሳሳታል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ፀሐይ የምትናገሩት ሁሉ ይበላሻል።

3. ሕንፃውን ከውጭ አንብቡ

ጉብኝቱ የሚቆምበትና የሚወድቅበት እዚህ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ።

ቁመት። ብዙ ሕንፃ ፊቱ ተለስኖ ተቀብቶ ጎኑ ባዶ ብሎኬት ሆኖ ይቀራል። ባለቤቱ ጎረቤቱ ሲሠራ ይሸፈናል ብሎ ነው፤ ለእናንተ ግን ያ ባዶ ጎን ሜትር ነው። የብሎኬቱ ቁመት 20 ሴ.ሜ ነው፤ በመካከሉ ያለውን ሞርታር ሲጨምር አንድ ረድፍ 21 ሴ.ሜ ገደማ ይሆናል። ከአንዱ ወለል እስከ ላይኛው ወጋግራ 13 ረድፍ ከቆጠራችሁ 2.7 ሜትር ማለት ነው፤ የወጋግራውን ውፍረት ጨምሩበት። እንግዶች ራሳቸው እንዲቆጥሩ አድርጉ። አንዴ የቆጠረ ሰው በሚቀጥለው ሕንፃ ላይ ሳይነገረው ይቆጥራል።

ምሰሶና ወጋግራ። ያው ባዶ ጎን የቤቱን አጽምም ያሳያል፤ ግራጫ የኮንክሪት ቋሚና አግዳሚ፣ በመካከሉ የተሞላ ብሎኬት። ብሎኬቱ ቦታ ይሞላል እንጂ ፎቁን አይሸከምም፤ የምድር ፎቁ ግድግዳ ወጥቶ ሰፊ የሱቅ በር የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በምሰሶዎቹ መካከል ያለውን ርቀት በእርምጃ ለኩ። ሱቁ ውስጥ ድንገት መሐል ላይ የቆመ ምሰሶ ካያችሁ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይኸው ርቀት ነው።

አናቱ ላይ የወጣ ፌሮ። እንግዳ ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው፤ «አላለቀም እንዴ?»። መልሱ፦ ምሰሶው ወደፊት ለሚጨመር ፎቅ እጁን ዘርግቶ ተቀምጧል። አዲሱ ምሰሶ ከአሮጌው ጋር የሚያያዘው ፌሮ ከፌሮ ተደራርቦ ስለሆነ ቆርጦ መጨረስ በኋላ ፎቅ መጨመርን ከባድ ያደርጋል። ቀረብ ብላችሁ (ከታች ሆናችሁ፣ በስልክ ካሜራ አጉልታችሁ) ቀለሙን አሳዩ። ቀላል የዝገት ቡናማ የተለመደ ነው። ዝገቱ እንደ ቅርፊት እየተላጠ ከሆነና ከሥሩ ያለው ኮንክሪት ላይ ቡናማ ዕንባ የመሰለ መስመር ከወረደ ግን ክረምቶች አልፈውበታል። በስሚንቶ ለብሶ ወይም በላስቲክ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ፌሮ ካገኛችሁ ጎን ለጎን አሳዩ፤ ልዩነቱ ራሱ ያስረዳል።

ስንጥቅ። በብሎኬቱ መጋጠሚያ ተከትሎ እንደ ደረጃ የሚወጣ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ መሠረቱ ከአንድ ወገን መንቀሳቀሱን ይናገራል። ዋልካ አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ይሰበሰባል፤ ጥልቀት የሌለው መሠረት አብሮት ይነሣል ይወርዳል። እንደ ሸረሪት ድር የተበታተነ ቀጭን ስንጥቅ ግን ከልስኑ ነው፤ ልስኑ ቶሎ ደርቆ ነው እንጂ ቤቱን አያሰጋም። ሁለቱን ለይቶ ማሳየት ግሩም መቆሚያ ይወጣዋል። ሆኖም የሰው ቤት ላይ ጣት ቀስራችሁ «ይህ ይፈርሳል» አትበሉ። ከውጭ አይቶ እንዲህ ማለት አይቻልም፤ ባለቤቱም አጥሩ ሥር ቆሞ ይሰማችሁ ይሆናል። ለስንጥቅ የአጥር ግድግዳ ምረጡ።

ጥላ። ባሕር ዳር በ11.6 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 12 ገደማና ነሐሴ 17 ገደማ፣ ቀትር ላይ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትቆማለች። በነዚህ ሁለት ቀናት መካከል የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፤ በተቀረው ወቅት በደቡብ። (ቀትር ስንል በሰዓታችሁ 6:30 ገደማ መሆኑን ልብ በሉ፤ ባሕር ዳር የአገሪቱ ሰዓት ከተለካበት መስመር በስተምዕራብ ናት።) ከዚህ የሚከተለው ስሌት ለእንግዳ የሚነገር ነው፦

• ወደ ደቡብ የዞረ መስኮት፦ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ የቀትር ፀሐይ ከአድማስ 55 ዲግሪ ከፍ ትላለች። 1 ሜትር የወጣ ጥላ ከሥሩ 1.4 ሜትር ይከልላል፤ 60 ሴ.ሜ የወጣ 85 ሴ.ሜ ገደማ።
• ወደ ሰሜን የዞረ መስኮት፦ ሰኔ አጋማሽ ላይ ፀሐይዋ 78 ዲግሪ ስለምትሆን 30 ሴ.ሜ ጥላ ብቻ 1.4 ሜትር ይከልላል።
• ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ የዞረ፦ ፀሐይዋ 20 ዲግሪ ላይ ስትሆን 1 ሜትር የወጣ ጥላ የሚከልለው 36 ሴ.ሜ ብቻ ነው። እዚህ የሚረዳው ቋሚ ከለላ፣ ጥልቅ በረንዳ ወይም ዛፍ ነው።

አሁን ወደ ምዕራብ የዞረ፣ ፊቱ በሙሉ መስታወት የለበሰ አንድ ሕንፃ ፊት ቁሙ። መጋረጃው ሁሉ የተዘጋና ኤርኮንዲሽነር የተደረደረበት ከሆነ መናገር አያስፈልጋችሁም። ጠይቁና ዝም በሉ፤ «ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ እዚያ 3ኛው ፎቅ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ምን ያደርጋል?»

ልባስ። አልኮቦንድ የለበሰ ፊት ሲያጋጥማችሁ ጠርዙን ተመልከቱ። ከፊት እንደ ወጥ ብረት ቢመስልም ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ፣ በሁለት ስስ አሉሚኒየም መካከል ፕላስቲክ የተሞላ ሰሌዳ ነው። ማዕዘኑ ላይ መጋጠሚያው ከተከፈተ ከኋላው ያለው ብሎኬት ይታያል። ይህን ያየ ሰው የሕንፃውን ፊትና የሕንፃውን አካል ለይቶ ማየት ይጀምራል።

ውሃ። አሸንዳው የት ላይ ይወርዳል? ግድግዳው ሥር ከሆነ ከመሬት እስከ ጉልበት ቁመት ያለው ልስን አብጦ፣ ቀለሙ ተላጦ ታገኙታላችሁ። ጥቁር ድንጋይ በሥሩ የተደረገለት ግድግዳ ይህን ችግር የተሻለ ይቋቋማል። ድንጋዩን ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ላቫው ሲቀዘቅዝ ጋዝ የወጣባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉበት።

4. ከ20ው ስምንቱን አስቀሩ

አንድ ሕንፃ የሚያልፈው አራቱን ሲያሟላ ነው፦ ከሕዝብ መንገድ ላይ በደንብ ይታያል፤ 12 ሰው ከመኪናና ከባጃጅ መንገድ ወጥቶ የሚቆምበት ቦታ አለው፤ በጉብኝቱ ሰዓት ፊቱ ላይ ብርሃን አለ ወይም የሚታየው ነገር ብርሃን አይፈልግም፤ «አንድ ነገር» የሚለው መስመሩ ከሌላ ካርድ ጋር አይደጋገምም። ከአራቱ አንዱን ካጣ፣ ምንም ያህል ቢያምር ይቅር።

ሲያምሩ ብቻ አትምረጡ። አንድ ኮንዶሚኒየም፣ አንድ ገና በስካፎልዲንግ ላይ ያለ፣ አንድ ባለ አንድ ክፍል ብሎኬት ቤት በቆርቆሮ ክዳን ይግቡበት። ኮንዶሚኒየሙ ላይ ደረጃው ከሕንፃው ውጭ መሆኑንና ነዋሪዎች በረንዳቸውን በምን እንደዘጉ አሳዩ፤ አንድ ዓይነት ሆነው የተሠሩ ቤቶች የሚለያዩት በረንዳቸው ላይ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በባሕር ዛፍ ከታሰረ ስካፎልዲንግ ቢያንስ ቁመቱን ግማሽ ያህል ራቁ፣ በምንም ምክንያት ከሥሩ አትለፉ። ቅዳሜ ሠራተኛ የለም ብሎ ማሰብ ስህተት ነው።

5. ፈቃዱን አስቀድማችሁ ጨርሱ

ከተቋማችሁ ወይም ከምትሠሩበት ማኅበር የድጋፍ ደብዳቤ አጽፉ፤ ቀኑ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ የሰው ብዛት፣ የመንገዱ ዝርዝር፣ ፎቶ መነሣት አለመነሣቱ ይጻፍበት። ለክፍለ ከተማውና ለቀበሌው ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድማችሁ አስገቡ፣ ማኅተም ያረፈበትን ኮፒ ያዙ። የፎቶ ጉዳይ ካልተጻፈበት ጥበቃው «ደብዳቤው ስለ መጎብኘት ነው፣ ስለ ማንሣት አይልም» ሲላችሁ እውነቱን ነው።

ድልድይ፣ ባንክ፣ የመንግሥት ግቢና ቤዛዊት ኮረብታ ያለው ቤተ መንግሥት አካባቢ ካሜራ ከመውጣቱ በፊት ጥበቃውን ጠይቁ፤ ካልፈቀደ አትከራከሩ። ድሮን ያለ ልዩ ፈቃድ ከቤት አይወጣም። በሳምንቱ የሰዓት እላፊ ወይም የባጃጅ እንቅስቃሴ ገደብ መኖር አለመኖሩንም ከዋዜማው አረጋግጡ፤ የመመለሻ ትራንስፖርት የሚወሰነው በዚያ ነው።

ደብዳቤ የማይሸፍነው አንድ ነገር አለ። ጠዋት በር ላይ ፀሐይ የሚሞቁ አባት ወይም ቡና የሚቆሉ እናት ካሉ፣ አስጎብኚው ቀድሞ ሄዶ «እንደምን አደሩ አባባ፣ ተማሪዎች ነን፣ የሕንፃውን አሠራር ከመንገድ ሆነን ልናይ ነው» ይበል። ይህ 20 ሰከንድ ይፈጃል። ያልተደረገ እንደሆነ «ሊያፈርሱብን ነው የሚለኩት» የሚል ወሬ ከእናንተ ቀድሞ መንገዱን ይዞራል፤ ሜትርና ካርታ የያዘ ቡድን ሰፈር ውስጥ የሚያስታውሰው ሌላ ነገር ነው።

6. ለእያንዳንዱ መቆሚያ አጭር ጽሑፍ አዘጋጁ

ቅደም ተከተሉ፦ መጀመሪያ አንድ ደቂቃ ዝም ብለው ይዩ። ቀጥሎ አንድ ጥያቄ። ከዚያ የናንተ ማብራሪያ፣ ከሁለት ደቂቃ ያልበለጠ። መጨረሻ ላይ አንድ የሚለካ ወይም የሚቆጠር ነገር። ማብራሪያው ከቀደመ ሰው የተነገረውን ብቻ ያያል፤ ዝምታው ከቀደመ ግን እናንተ ያላያችሁትን የሚያሳያችሁ አይጠፋም።

ዓመተ ምሕረት ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር መከፈቱ ተመዝግቧል፤ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. መመሥረቱም እንዲሁ። የአንድ ግለሰብ ጂ+1 ግን የተሠራበትን ዓመት በመልኩ ብቻ መናገር አይቻልም፤ «ከጎኑ ካለው በፊት የተሠራ ነው፣ ምክንያቱም የጎኑ ልስን ከጎረቤቱ ግድግዳ ጀርባ ገብቷል» ማለት ይቻላል። ይህ የሚታይ ነው፣ ሌላው ግምት ነው። የቤት ዋጋና የባለቤት ስም በጭራሽ አይነሣ፤ ከእንግዳ ቢመጣም አሳልፉት።

7. ሰዓቱን አስሉ

ስምንት መቆሚያ እያንዳንዱ 6 ደቂቃ፦ 48። 1.8 ኪሎ ሜትር በደቂቃ 50 ሜትር፦ 36። መክፈቻ 5፣ ለመንገድ ማቋረጫና ለዘገየ ሰው 15። ድምሩ 104 ደቂቃ፤ ለእንግዳው «ሁለት ሰዓት» በሉት። የትኛው መቆሚያ እንደሚዘለል ከወዲሁ ምልክት አድርጉ። ስትዘገዩ የሚቀረው የመጨረሻው ድልድይ እንዳይሆን ከመካከል ምረጡ።

8. በሁለት ሰው ተለማመዱ

ከሁለቱ አንዱ ስለ ግንባታ ምንም የማያውቅ ይሁን። «ወጋግራ» ስትሉ ፊቱ ከተለወጠ ቃሉን በእጃችሁ እያሳያችሁ አስረዱ። ሌላው ሰዓት ይያዝ፣ 10 ሜትር ርቆ ቆሞ ድምፃችሁ መድረሱን ይንገራችሁ። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ስለሚነሣ በሐይቁ ወገን ቁሙ፤ ድምፃችሁን ወደ እንግዶቹ ይወስደዋል።

9. የዕለቱ አካሄድ

ሲነሡ ቁጠሩ፣ አስፋልት ባቋረጣችሁ ቁጥር ቁጠሩ። ደጀኑ የመጨረሻውን ሰው አይቀድምም፤ ክዳኑ የተነሣ የጎርፍ ቦይ ሲያይ እጁን አንሥቶ ይቆማል። ስልኩን እያየ የሚሄድ እንግዳ የሚወድቀው እዚያ ነው። እንግዶቹ ፀሐይን በጀርባ፣ እናንተ በፊት ያዙ፤ ዓይኑን የሚጨፍነው አስጎብኚው ይሁን። እየሄዳችሁ አታውሩ፤ ከኋላ ያሉት አይሰሙም፣ ከፊት ያሉት መንገዱን አያዩም።

ድልድዩ ላይ ስትደርሱ የቆማችሁበት መዋቅር ራሱ የመጨረሻው መቆሚያ ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፣ 43 ሜትር ይሰፋል፤ ሳትቆሙ ብትሻገሩት 8 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ማማዎቹ ለምን አጠር እንዳሉ ጠይቁ። ዓይነቱ ኤክስትራዶዝድ ይባላል፤ ኬብሎቹ ጭነቱን ብቻቸውን አይሸከሙም፣ ወፍራሙ የኮንክሪት ወለል ይጋራቸዋል። ሙሉ በሙሉ በኬብል በሚንጠለጠል ድልድይ ማማው በማማዎቹ መካከል ያለውን ርዝመት አንድ አምስተኛ ገደማ ሲያህል፣ በዚህኛው ዓይነት አንድ አሥረኛ ገደማ ይበቃል።

ለማስረዳት አንድ እንግዳ ክንዱን ወደ ጎን ዘርግቶ የ1 ሊትር ውሃ ይያዝ። ሌላው ከእጅ አንጓው ክር አሥሮ በራሱ ቁመት ከፍ አድርጎ ይሳብለት፤ ክብደቱ ይቀላል። ክሩን ወደ ትከሻ ሲያወርደው ክንዱ እንደገና መሥራት ይጀምራል። ሁለተኛው ነው ድልድዩ። ቀጥሎ ከአጠገቡ ያለውን የድሮውን ድልድይ አሳዩና ሸክሙ በየት በኩል ወደ መሬት እንደሚወርድ እነሱ ይናገሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ በእግረኛው ክፍል ላይ ብቻ ቁሙ፤ የብስክሌቱን መሥመር አትዝጉ። ከመከለያው ላይ ማንም አይቀመጥ።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

• 14 እና 15 መቆሚያ ማድረግ። እያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ብቻ ይደርሰውና ሁሉም «ይኼ ደግሞ…» ሆኖ ያልቃል።
• የሚርቀውን በባጃጅ ማሟላት። 12 ሰው በአራት ባጃጅ ተከፋፍሎ መልሶ ለመሰብሰብ 20 ደቂቃ ይጠፋል፤ በመካከሉ ያለው መንገድም አይታይም።
• ግቢ መግባት። አንድ ደግ ባለቤት «ግቡ» ሲል 12 ሰው ይገባል፣ ቡና ይፈላል፣ ጉብኝቱ እዚያው ያበቃል። አመስግናችሁ ለሌላ ቀን በሉ።
• ለሚከተሉ ልጆች ገንዘብ መስጠት። ሁለተኛው ጉብኝት ላይ 30 ልጅ ይጠብቃችኋል። ይልቅ ረድፍ አስቆጥሯቸው፤ ከእንግዶቹ ቀድመው ይጨርሳሉ።
• የኢንተርኔት ካርታን ብቻ ማመን። ሰፈሩ እየተሠራ ስለሆነ ካርታው ላይ ያለው የውስጥ መንገድ በአጥር ተዘግቶ፣ ያልነበረው ተከፍቶ ይገኛል።

10. ካርዶቹን በየዓመቱ አድሱ

ጉብኝቱ ባለቀ ማታ፣ እንግዶች ያዩትን እናንተ ያላያችሁትን በእርሳስ ጨምሩበት። መስከረም ሲጠባ፣ መንገዱ ከደረቀ በኋላ፣ ከነሜትሩ እንደገና ዙሩ። ባለ ሁለት ፎቅ ብላችሁ የመዘገባችሁት ባለ ሦስት ሆኖ፣ ፌሮው አንድ ፎቅ ወደ ላይ ተሻግሮ ይጠብቃችሁ ይሆናል፤ ስትቆጥሩበት የነበረው ባዶ ጎንም በጎረቤት ሕንፃ ተሸፍኖ። የድሮውን ካርድ አትጣሉት፤ አዲሱን ከሥሩ ከነቀኑ ጻፉበት።